ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ አርማታና ስለ አንድ ባልዲ ውሃ

 

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር አስቀምጫለሁ። በግራ በኩል ያለችው ብይ የምታህል ጥቁር ግራጫ ድንቡልቡል ክሊንከር ትባላለች። መሀል ላይ በሳህን ያለው ዱቄት ሁላችሁም የምታውቁት ሲሚንቶ ነው። በቀኝ ያለው፣ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነው፣ የአርማታ ኩብ ነው። ዛሬ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወስደውን መንገድ አብረን እንሄዳለን። ለዚህ ንግግር ያነሳሳኝ ግን ጠረጴዛው ላይ የሌለ ነገር ነው፤ አንድ ባልዲ ውሃ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሶሌታ ሲሞላ ኩብ ልወስድ ከላቦራቶሪ ተላክሁ። ጠዋት ከሚክሰሩ የሚወጣው ድብልቅ ጠንከር ያለ ነበር፤ ከአካፋው ላይ በግድ ነበር የሚወርደው። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ፀሐዩ በረታ፣ ተሸካሚዎቹም ዛሉ፤ ድብልቁ እንደ አጥሚት መፍሰስ ጀመረ። ዞር ብዬ ሳይ ሚክሰሩ ጋ የቆመው ልጅ በየዙሩ አንድ ባልዲ ውሃ ይጨምራል። ፎርማኑን ጠጋ ብዬ፣ “ጋሼ፣ ውሃው በዛ” አልኳቸው። “ልጄ፣ እስቲ እነዚህን ልጆች ተመልከት፤ እጃቸው ሊበጠስ ነው። ውሃ እኮ ነው፤ ምን ይጎዳዋል?” አሉኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ለሠራተኛው አዝነው ነው። እኔም ዝም አልኩ። የጠዋቱንና የቀኑን ኩቦች በ28ኛው ቀን ስንሰብራቸው የጠዋቱ ከ25 ሜጋ ፓስካል አለፈ፣ የቀኑ 16 ላይ ፈረሰ። ሲሚንቶው አንድ፣ አሸዋው አንድ፣ ጠጠሩ አንድ። የተለየው ባልዲው ብቻ ነበር። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያ ባልዲ ምን እንዳበላሸ በደንብ የሚገባን፣ ሲሚንቶው እዚያ ሚክሰር አፍ እስኪደርስ ምን አይቶ እንደመጣ ስናውቅ ነው። ስለዚህ ከተራራው እንጀምር።

ሲሚንቶ ፋብሪካ ያለባቸውን ሙገርን፣ ደርባንና ለሚን በዓይነ ኅሊናችሁ አስቡ። ሦስቱም ገደል አፋፍ ላይ ናቸው። ይህ እንዲያው የሆነ ነገር አይደለም። የሸዋ ደጋ ላይኛው ንጣፍ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሥሩ ደግሞ፣ ይህ ምድር ባሕር በነበረበት ዘመን የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እንደ ሙገርና እንደ ጀማ ያሉት ወንዞች ጥቁሩን ድንጋይ ቆርጠው ወርደው ያንን የባሕር ወለል አጋለጡልን። ድንጋዩን በመዶሻ ብላችሁ ስብራቱን ብታዩ የዛጎልና የቀንድ አውጣ ቅሪት ታገኙበታላችሁ። ቤታችንን የሚያያይዝልን ነገር አንድ ጊዜ የባሕር እንስሳት ልብስ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

የመጀመሪያው የአገራችን ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ የኖራ ድንጋይም የባቡር ሐዲድም ባሉባት ድሬዳዋ ነው። ሙገር እ.ኤ.አ. በ1984 ማምረት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም በሰሜን ሸዋ የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ ደግሞ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም ይዞ ተነሥቷል። ሲሚንቶ ፍለጋ ወረፋ የቆመ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ኖራ ማቃጠልማ ለእኛ አዲስ አይደለም። የጎንደር ግንቦች በኖራ የተያያዙ ናቸው። ኖራ ግን በዝግታ፣ ከአየር ጋዝ እየሳበ ነው የሚጠነክረው፤ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት አይጠናም። ኖራን ከሸክላ አፈር ጋር አቃጥሎ ውሃ ውስጥም የሚጠና ዱቄት ለማግኘት ብዙ ሰው ደክሟል። ስሙን ያተረፈው በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ግንበኛ የነበረው ጆሴፍ አስፕዲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 የፈጠራ መብት ሲያወጣ፣ የጠነከረው ነገር መልኩ በዚያ አገር ከታወቀው የፖርትላንድ ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል ብሎ “ፖርትላንድ ሲሚንቶ” አለው። ከረጢቱ ላይ “ኦፒሲ” ተብሎ የተጻፈው መካከለኛው ፊደል የመጣው ከዚያ ነው።

ወደ ፋብሪካው እንግባ። የኖራ ድንጋዩ በደማሚት ይፈነዳል፣ በክሬሸር ይደቅቃል። ከዚያ አራት እጅ የኖራ ድንጋይ ከአንድ እጅ ገደማ ሸክላ አፈር ጋር ይደባለቃል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ጥቂት የብረት ማዕድንና አሸዋ ይጨመርበታል። ይህ ድብልቅ ተፈጭቶ የላመ ዱቄት ይሆናል። ልክ እንደ ጤፍ፣ ካልላመ አይበስልም። በየሰዓቱ ናሙና እየተወሰደ ይመረመራል፤ የኖራው መጠን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ቢዛነፍ ከምድጃው የሚወጣው ነገር ጠባዩ ይለወጣል።

ዱቄቱ ከአንድ ረጅም ማማ አናት ወደ ታች ይለቀቃል፤ ከምድጃው የሚወጣው ትኩስ ጭስ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ዱቄቱ ማማው ግርጌ ሲደርስ 900 ዲግሪ ገደማ ሆኗል። እዚህ ላይ የኖራ ድንጋዩ የያዘውን ትንፋሽ ይለቃል፤ ትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ 56 ኪሎው ብቻ ይቀራል። ነዳጁ የሚያወጣው ጭስ ከዚህ ሌላ ነው፤ ይህኛው ከራሱ ከድንጋዩ የሚወጣ ነው። ዓለም በዓመት አራት ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሚንቶ ታመርታለች፤ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከመቶው ሰባት ወይም ስምንት እጁ ከዚህ ሥራ የሚመጣ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በዝናብ ሲበላሽ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ትልቁ ምድጃ አለ። የተጋደመ የብረት ቧንቧ አስቡ፤ ብዙ ጊዜ ከ60 ሜትር የሚበልጥ፣ ውስጡ እሳት በሚችል ጡብ የተለበጠ፣ ወደ አንድ ጎን በጥቂቱ ያዘነበለ፣ በደቂቃ ሦስት አራት ጊዜ የሚሽከረከር። ዱቄቱ በላይኛው ጫፍ ገብቶ እየተንከባለለ ወደ ነበልባሉ ይወርዳል። ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ይህ ዱቄት ግን 1450 ዲግሪ እስኪደርስ ይጋላል። ከፊሉ ይቀልጣል፣ የቀረውም በቀለጠው ተጣብቆ እንዲህ ይድቦለቦላል። ከፊት ያላችሁ ይህችን ክሊንከር እየተቀባበላችሁ እይዋት። በአየር በፍጥነት ትቀዘቅዛለች፤ ቀስ ብላ ብትቀዘቅዝ በዚያ ሁሉ እሳት የተሠራው፣ ቶሎ የሚያጠነክረው ማዕድን መልሶ ይበተናል።

ክሊንከር ብቻውን ቢፈጭ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ ማንም ግንበኛ ሊሠራበት አይችልም። ስለዚህ ሲፈጭ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ጀሶ ይገባበታል። ጀሶው ያረጋጋዋል፣ ለእኛም ሁለት ሰዓት ገደማ ይሰጠናል። ከዚያ መፍጨቱ ነው። ሳህኑ ላይ ካለው ዱቄት የአንዱ ኪሎ ቅንጣቶች ገጽታ ቢዘረጋ 300 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የ50 ኪሎው ከረጢት ሲዘረጋ ከሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ውሃ የሚነካው ያንን ሁሉ ገጽ ነው።

“ፒፒሲ” የሚባለው ደግሞ በክሊንከሩ ላይ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም ቀላል ድንጋይ ተፈጭቶ የተጨመረበት ነው። ብዙ ሰው “የተደባለቀበት” ሲባል የተጭበረበረ ይመስለዋል። አይደለም። ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ለውሰው የሠሩት የፓንቴዮን ጉልላት 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ፌሮ የሚባል ነገር ሳይገባበት 1900 ዓመት ገደማ ቆሟል። ፒፒሲ መጀመሪያ ላይ ዝግ ይላል፤ በጊዜ ግን ይደርሳል፣ ጨዋማ አፈርና ውሃንም በተሻለ ይቋቋማል። ለግንብና ለልስን ይበቃል። ሶሌታና ኮሎን ላይ ቶሎ ካሳፎርማ ማንሣት ለሚፈልግ ኦፒሲው ይመረጣል። ፒፒሲ የሚጠቀም ሰው ግን ውሃ የሚያጠጣበትን ቀን ማርዘም አለበት፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ሳይት ደርሰናል። አርማታ ውስጥ ከአራቱ እጅ ሦስቱ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ሲሚንቶው ማጣበቂያው ነው። እዚህ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ጠጠራችን ያው ከላይ ያልኳችሁ ጥቁር ድንጋይ ነው። አሸዋው ብዙውን ጊዜ ከመተሃራ፣ ከላንጋኖ፣ ከሶደሬ ይመጣል። አንድ ሶሌታ ውስጥ የጥንት ባሕር፣ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽና የወንዝ አሸዋ አንድ ላይ ተኝተዋል። ቀይ አሸዋ የምንለውን ግን ለብሎኬትና ለሙሌት ተዉት፤ ኮሎን ውስጥ አይግባ።

አሸዋ ስትገዙ ሻጩ የሚላችሁን አትስሙ፤ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይበቃችኋል። እስከ ግማሹ አሸዋ ጨምሩበት፣ ውሃ ሙሉበት፣ ቁንጥር ጨው ጣል አድርጉበት። ክዳኑን ዘግታችሁ ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁትና አንድ ጥግ አስቀምጡት። ለምሳ ሄዳችሁ ስትመለሱ አሸዋው ከታች ይሰፍራል፣ አፈሩ ከላይ እንደ ስስ ጭቃ ይተኛል። ማስመሪያ አምጡ። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አፈሩ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ወይ ይታጠብ፣ ወይ መኪናው ጭነቱን ይዞ ይመለስ። አፈር ጠጠሩን እንደ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ሲሚንቶው አፈሩን ይይዛል እንጂ ድንጋዩን አያገኘውም። ያን ሁሉ እሳት ያለፈ ዱቄት በጥቂት ጭቃ ምክንያት ሥራ ፈቶ ይቀራል።

ስለ ፌሮ ባጭሩ ልናገር፤ ራሱን የቻለ ዲስኩር ይፈልጋል። አርማታ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን አቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ስበቱን ፌሮው ይችልለታል። ሁለቱ በሙቀት የሚለጠጡት ተቀራራቢ በመሆኑ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ሲሚንቶውም ፌሮውን ከዝገት ይጠብቀዋል። ይህ የሚሆነው ግን ፌሮው በአርማታ በደንብ ከተሸፈነ ነው። ከሶሌታው ሥር ፌሮ ፈጥጦ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

እንግዲህ ውሃው። ስለ ሲሚንቶ ከምንሳሳተው ሁሉ ትልቁ “ደረቀ” የምትለው ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሲሚንቶ እንደ ልብስ አይደርቅም። ውሃውን ይጠጣዋል። እያንዳንዱ ቅንጣት ውሃ ሲያገኝ እንደ ጥቃቅን እሾህና ጸጉር ያለ ነገር ያበቅላል፤ የአንዱ ጸጉር ከሌላው ይጠላለፋል፣ ጠጠሩንም አሸዋውንም አቅፎ ድንጋይ ይሆናል። የድልድይ እግር ወንዝ ውስጥ ተሞልቶ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ምድጃው በእሳት ያወጣበትን ትንፋሽ በውሃ እየተካ መልሶ ድንጋይ ይሆናል ብላችሁ ብታስቡት ከእውነቱ አትርቁም።

ጥያቄው ስንት ውሃ የሚለው ነው። 100 ኪሎ ሲሚንቶ ሙሉ በሙሉ ለመብሰል 40 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የምንጨምረው ድብልቁ እንዲታዘዝልን ነው። የተረፈው ውሃ ሲሚንቶው ውስጥ ቦታ ይዞ ይቆያል፤ በኋላ ይተንና የያዘውን ቦታ ባዶ ትቶት ይሄዳል። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ደፍ ኤብራምስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1918 ቺካጎ ላይ ብዙ ሲሊንደር ሰብሮ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ የአርማታ ጉልበት ከምንም በላይ የሚወሰነው ውሃው ለሲሚንቶው ባለው መጠን ነው።

በእኛ ቋንቋ እንቁጠረው። ሲ-25 በሚባለው አርማታ አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባል። ሳይት ላይ አንድ ከረጢት ለሁለት ሳጥን አሸዋ ለሦስት ሳጥን ጠጠር እንላለን። ለከረጢቱ 25 ሊትር ውሃ በቂ ነው፤ አንድ ትልቅ ቢጫ ጀሪካን። በዚህ ላይ አንድ ባልዲ፣ አሥር ሊትር እንበል፣ ስትጨምሩ ጉልበቱ ሲሶው ይሄዳል። ይሄ ኩብ በ25 ሲሰበር ወደ 570 ኩንታል ተሸክሞ ነው። ከዚያ ሲሶውን ቀንሱና ከላያችሁ ያለውን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩት።

ሌላም ባልዲ አለ፤ ማንም ያላፈሰሰው። ሌሊት ዝናብ የመታው አሸዋ ከመቶ አምስት እጅ ውሃ ይዞ ቢያድር፣ በአንድ ሜትር ኩብ አርማታ ውስጥ ከ700 ኪሎ አሸዋ ጋር 35 ሊትር ውሃ ሳይታወቅ ይገባል። በክረምት የሚሞላ ሰው ከጀሪካኑ ላይ ይህን መቀነስ አለበት። አሸዋውን በእጃችሁ ጨብጡት፤ ጨብጣችሁ ስትለቁት እንደ ሊጥ ተይዞ ከቀረ ውሃ አለበት።

የፎርማኑን ጥያቄ ግን አልረሳሁም። የልጆቹ ድካም እውነት ነበር። መፍትሔው ንጹሕና ትንሹም ትልቁም ቅንጣት የተመጣጠነበት አሸዋ መምረጥ፣ ጠጠሩን በመጠን ማቀላቀል፣ ቫይብሬተር በሰዓቱ ማዘጋጀት፣ ካስፈለገም ውሃ ሳይጨመር ድብልቁን የሚያለሰልስ አድሚክስቸር መግዛት ነው። ይህ ሁሉ ከሌለ ደግሞ ውሃ ስትጨምሩ ሲሚንቶም በልኩ ጨምሩ። ተሸካሚውን የሚያሳርፈው ሌላ ተሸካሚ መቅጠር እንጂ ሶሌታውን ማድከም መሆን የለበትም።

የህዳሴ ግድብን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋል። ዋናው ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አርማታ የገባበት ሲሆን ቁመቱ 145 ሜትር ገደማ ነው። አርማታው እንዴት እንደተነጠፈ አስተውላችኋል? በመኪና ተገልብጦ፣ በዶዘር ተስተካክሎ፣ ላዩ ላይ ሮለር ሄዶበት ነው፤ እንደ መንገድ ሥራ። ሮለር የሚችል አርማታ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ገምቱ። ውሃውም ሲሚንቶውም ጥቂት ነው፤ ሲሚንቶ ሲበስል ሙቀት ያወጣልና፣ በዚያ ግዝፈት ላይ ሙቀቱ ቢበዛ ግድቡን ይሰነጥቀዋል። በአገራችን ካሉት አርማታዎች ሁሉ ትልቁ አጥሚት የሚመስል አልነበረም።

የመጨረሻው ነገር ከሙሌት በኋላ ያለው ነው። ሲቦካ የምናሰጥመውን አርማታ ከተሞላ በኋላ እናስጠማዋለን። የበጋ ፀሐይና የደጋ ነፋስ ላዩን በሰዓታት ውስጥ ያደርቁታል፤ ውስጡ ገና መጠጣት የጀመረ ነው። ሶሌታው ሲጠና በዳሩ ላይ ትንሽ የአሸዋ ድንበር ሠርታችሁ ውሃ አቁሩበት። ኮሎኑን በጆንያ ጠቅልሉትና ጆንያው ሳይደርቅ አጠጡት፤ ጠዋት አንድ ጊዜ ረጭቶ መሄድ አይበቃም። ኦፒሲ ቢያንስ 7 ቀን፣ ፒፒሲ 14 ቀን። ቅዳሜና እሑድም ይጠማዋል፤ ዘበኛው ይህን ሥራ እንዲሠራ ተስማሙ፣ ክፈሉትም። ሲሚንቶውንም ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የያዘ ከረጢት ጣሪያ ላይ አይውጣ።

የላቦራቶሪው መጭመቂያ ከዚህ አዳራሽ ኋላ ነው። ከ28 ቀን በፊት ከኮሌጁ ተማሪዎች ጋር ሁለት ኩብ ሞልተን ነበር። ሲሚንቶው ከአንድ ከረጢት፣ አሸዋው ከአንድ ክምር ነው። አንዱ ላይ “25” ብለን ጽፈንበታል፣ ሌላው ላይ “35”፤ ለአንድ ከረጢት ታስቦ የተለካላቸው የውሃ ሊትር ነው። ዛሬ ቀናቸው ሞልቷል። እባካችሁ ተከተሉኝ፤ እዚህ ካላችሁት የቤት ማኅበር አባላት አንድ ሰው የማሽኑን ቁጥር ጮክ ብሎ ያንብብልን።